ሊቀ ጎማ ቢያድግልኝና ጥቁሩ ድንጋይ

በየትኛውም ከተማ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ራሱ መኪና ኖሮት የማያውቅ፣ ስለ ሰው መኪና ግን የማያውቀው የሌለ። ሌላው ከተማ የራሱን ይቁጠር፤ የመካነ ሰላሙ ጋሼ ቢያድግልኝ ነበሩ። ሞተሩንም መሪውንም ለሌላ አዋቂ ትተው እሳቸው የያዙት ጎማውን ብቻ ነው። ከተማውም ሳይሰበሰብ፣ ማንም እጁን ሳያወጣ፣ "ሊቀ ጎማ" ብሎ ሾማቸው።

ለሊቀ ጎማ በዓለም ላይ የሚደርስ ጥፋት ሁሉ ከጎማ ነው። የወግዲ አውቶቡስ ዘገየ? ጎማው። ከደጎሎ ገብስ ጭኖ የመጣው አይሱዙ ተገለበጠ? ጎማው። አንዴ የሰፈር ሙሽራ በሰርጉ ዋዜማ ሲጠፋ እንኳ አልደነቃቸውም። "ጫማውን አይቼው ነበር" አሉ። "ሶሉ ባንድ ወገን አልቋል። እንዲህ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ አይሄድም።"

አንድ ክረምት የወረዳው ላንድክሩዘር በአቀስታ መውጫ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ካድሬዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ይገፋሉ። ሊቀ ጎማ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ደረሱና አራቱንም ጎማ እየዞሩ ገመገሙ፤ ዘመኑ የግምገማ ነው።

"ጠግቧል" አሉ በመጨረሻ። "የጠገበ ጎማ መሬት ይንቃል። አስርቡት!"

ሾፌሩ አየር አስተነፈሰ፤ መኪናው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! የቆመ መኪና ባዩ ቁጥር "አስርቡት!" ነው። ሀጀራ ግን እዚያው ነበረች። መኪናው የወጣው ገበያተኛው ሁሉ ተረባርቦ ስለገፋው መሆኑን አይታለች።

ሀጀራ የወረዳው መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የሰነድ አያያዝ ሲሆን፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ "ሟች ያረፉት ማክሰኞ ነው እንጂ ረቡዕ አይደለም" ብላ የምታርም ሴት ናት። ከሊቀ ጎማ ጋር የማይስማሙትም በዚሁ ነው።

"ጋሼ፣ ይህን ወሬ ከየት አገኙት?" ትላቸዋለች።

"ከጎማው!"

ምንጭ ሲጠየቅ ጎማ የሚጠቅስ ሰው ለሀጀራ በፍጹም አይዋጥላትም።

ታናሽ ወንድሟ ዒምራን ጅዳ ይሠራ ነበር። እዚያ በሪሞት የምትነዳ፣ ድንጋይ ለድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና ገዛና ሌላ ወሬ ጠፋበት። በደወለ ቁጥር ጎማዋን ነው የሚያወራው፤ ላስቲኩ ልስልስ ነው፣ ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ ድንጋይን እንደ እጅ ይጨብጣል። አንድ ቀን የሀጀራ ስልክ ድምፁ ከፍ ብሎ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ "ስመጣ በራችን ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አስወጣታለሁ!" ብሎ ፎከረ።

ባለ ወፍጮው ንጉሡ ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ጉረኛ! እሱን ድንጋይ ፍየል እንኳ አስባበት ነው የምትወጣው።"

"ወላሂ ትወጣዋለች!" አለ ዒምራን።

ዒምራን ሳይመጣ ሻንጣው መጣ። ታሞ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መኪናዋ በልብሶቹ መሀል ተጠቅልላ ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ንጉሡ ስለ ድንጋዩ ትንፍሽ አላለም። ሀጀራን የበላት ይህ ዝምታው ነው። በበሯ ሲያልፍ ድንጋዩን አየት አድርጎ አንገቱን ይደፋል። ወንድሟ ምሎ ሄዷል፤ በሰፈሩ ልብ ውስጥ በሐሰት የማለ ጉረኛ ሆኖ ሊቀር ነው። መሐላውን የምታነሣለት ከእሷ ሌላ ማን አለው?

አንድ እሑድ ማለዳ ባትሪውን ሞልታ፣ ሰው ሳያያት፣ መኪናዋን ከድንጋዩ ሥር አቆመች። መኪናዋ እስከ ድንጋዩ ወገብ ወጣች፤ ጎማዋ በባዶው ተሽከረከረና ተንሸራታ ወረደች። ደገመቻት። ያው ነው። ቀና ስትል ሊቀ ጎማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያያሉ።

"እንዴት አደርሽ፣ ሀጀራ። ጎማው ነው" አሉ፣ ሳይጋበዙ እየገቡ።

መኪናዋን ገልብጠው ጎማዎቿን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። መንፊያውን ፈልገው አጡት።

"ይቺ መኪና እምብርት የላትም እንዴ?"

"ጋሼ፣ አየር የለባትም። ስፖንጅ ነው።"

"ስፖንጅም ይጠግባል!"

ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። አቧራ የለበሰ ጎማ ድንጋይ አይስምም ብለው አጠቧት። ጎማ ሲበርደው ይደርቃል ብለው እንደታመመ ጠቦት ጋቢያቸው ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጧት። ባዶ መኪና ዳገት አይወድም ብለው ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ጫኑባት፤ እንደ ጢንዚዛ በጀርባዋ ተዘረረች። በዚህ መሀል ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ በሩን ሞላው። ንጉሡም መጥቶ ከኋላ ቆመ።

ሀጀራ ጭነቱን አንሥታ የመጨረሻውን ሞከረች። መኪናዋ ቀስ፣ ቀስ፣ እያለች ወገቡን አለፈች። የፊት ጎማዋ የድንጋዩን አናት ነካ። ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አንድ ጊዜ ተንጠለጠለችና እየተንከባለለች መሬት ወደቀች።

ንጉሡ አንገቱን ደፋ።

ሊቀ ጎማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰው ሁሉ ይስማኝ" አሉ። "ይቺ መኪና ማለዳ ስመጣ እዚህ ድንጋይ አናት ላይ ወጥታ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አላርፍ ብዬ፣ ነካክቼ፣ ድንጋይ ጭኜ ጎማዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጁ የማለው እውነቱን ነው።"

ሳቁ ሰፈሩን አናወጠው። "ሊቀ ጎማ ግለ ሂስ አደረጉ!" "ከሹመታቸው ይነሡ!"

"እኔስ ምን ልበል" አለ ንጉሡ፣ ዓይኑን በእጁ እየጠረገ፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አይታወቅም። "እኝህ ሰውዬ የነኩት መቼ ይበረክታል! ዒምራንን ጉረኛ ያልኩት እኔ አፌን ይቁረጠው። ነፍሱን ይማረው።"

ሀጀራ አፏን ከፈተች። ሐሰት ሰምታ ሳታርም ያደረችበት ቀን የለም። ማለዳ የሆነው፣ ማን የት ቆሞ ምን እንዳየ፣ በቅደም ተከተል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ወደ ሊቀ ጎማ ዞረች። ሰው እየሳቀባቸው አጎንብሰው መኪናዋን አንሥተዋል፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጎማዎቿን አንድ ባንድ ይጠርጋሉ።

"አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ" አለች፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ ፊቷን አጨፍግጋ። "ሁለተኛ ግን የሰው መኪና እንዳይነኩ።"

"አልነካም፣ እቴ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።