ማንም የማይቀየምበት ድግስ

የእንግዳ አፍ የሚፈራ ደጋሽ ገጥሟችሁ ያውቃል? ወላሂ በሽታው ይጋባል! የከሚሴው ጎረቤቴ ሰይድ ነሐሴ ላይ ልጁን ሊድር ሲል ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

"ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ላሳርድ ብል ፍልሰታ ነው። ምስር ይሠራ ብል፣ በሥጋው ጭልፋ ቢጨልፉበትስ? በርበሬው ጨጓራ ያለበትን፣ ሩዙ ስኳር ያለበትን ቢጥልብኝስ?"

ፍርሃቱ እኔም ላይ ተጋባ። ሁለታችን ፈርተን ፈርተን ሁሉንም ስንሰርዝ ማንንም የማያስቀይም አንድ ምግብ ተረፈን፤ ንፍሮ።

የሠርጉ ዕለት ከባቲ የመጡት አክስቱ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ገና ከመቀመጣቸው ንፍሮ ቀረበላቸው። ሰሃኑን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ከዚያ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

"ኢና ሊላሂ! የሞተው ማነው? ሙሽራው ነው ሙሽሪት?"