ክቡር መርማሪና የዓመቱ ጌሞች

ዓመት ባለቀ ቁጥር ያለፈውን ሁሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ሳይደረድር እፎይ የማይል ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም። አንዱ የበላባቸውን ምግብ ቤቶች ይደረድራል። ሌላዋ የተጠራችባቸውን ሠርጎች ከሙሽራዋ ቀሚስ እስከ ዘፋኙ ድምፅ አማርጣ፣ የመጨረሻዋን ሙሽራ ስም ጮክ ብላ ካልተናገረች ዓመቱ ያለቀ አይመስላትም። ለእማማ የደረሳቸው ደግሞ ጌም የሚደረድር ነው። እሱም የልጃቸው ባል ነው።

"ክቡር መርማሪ" ይሉታል። ማዕረጉን ያወጡለት እማማ ራሳቸው ናቸው፤ ያወጡለትም ለክብሩ አስበው አይደለም። ሰውየው በሙያው ሊፍት መርማሪ ነው። የከተማው ሊፍት ሁሉ በዓመት አንዴ በእጁ ያልፋል። በሩ ሲዘጋ ይንገጫገጫል ወይ? ፎቁ ላይ ሲቆም ስንት ሚሊ ሜትር ይስታል? ገመዱስ ተበልቷል? ይህን ሁሉ ካየ በኋላ "ለአንድ ዓመት አገልግሎት ብቁ ነው" የሚል ወረቀት ፈርሞ መስታወቱ አጠገብ ይለጥፋል። ይህ ባልከፋ። ክፋቱ ጠባዩን መሥሪያ ቤት ትቶት አለመምጣቱ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ የበር መቃን እየነካ የሚገባ ግዙፍ ሰውዬ፣ ከሥራ መልስ ጆይስቲክ ጨብጦ ሶፋው ጥግ ይቀመጥና የተጫወተውን ጌም ሁሉ በዚያው በሊፍት ፎርም ይመረምረዋል።

ውጤቱ የሚነገረው በዓመቱ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤተሰቡ ሳሎን ይሰበሰባል። ይሰበሰባል ከማለት ይያዛል ማለት ይቀላል። መርማሪው ሸሚዙን ተኩሶ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣ ፎርሞቹን በማኅደር ይዞ ይቆማል። "በዚህ ዓመት አሥራ አንድ ጌሞች ለምርመራ ቀርበዋል" ብሎ ይጀምራል። ማን እንዳቀረባቸው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱን "ሥዕሉ ያምራል፤ ነገር ግን እስኪከፈት ዘጠኝ ሰከንድ በር ላይ ያቆማል" ብሎ ከሦስተኛ ወደ ሰባተኛ ያወርደዋል። ዓለም ያጨበጨበለትን ሌላውን "ጭነት አይችልም" ብሎ ከአገልግሎት ያግደዋል። ልከራከር የሚል ከተገኘ ጣቱን ያነሳና፣ "ስሜት ሌላ፣ ምርመራ ሌላ!" ይላል። በዚህች ቃል ስንቱን አፍ አስይዟል! ሚስቱ አዲስ የፀጉር አሠራሯን አሳይታው ይህችኑ ቃል የደገመባት ዕለት ግን ሁለት ቀን ሙሉ አላነጋገረችውም።

እማማ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን ተረት የሚያውቁት በአፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ነው። ያኔ ልጃቸው ይህን ሰው ይዛ ስትመጣ ላይ ታች አዩትና፣ "ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም፤ ጨዋታ ግን ይወዳል መሰለኝ" አሏት። "እማዬ፣ የሱ ጨዋታ ሳሎን ውስጥ ነው" አለች ልጅት። "የሌላዋ ባል የት እንደሚጫወት ማን ያውቃል?" እማማ በዚህ ተረቱና ዳሯት።

ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ ነው ስትሮክ የመታቸው። እግራቸው ቶሎ ተመለሰ። ምላሳቸውማ፣ ልጆቻቸው እንደሚሉት፣ አንድ ቀን እንኳ ከሥራ አልቀረም። ቀኝ እጃቸው ግን ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ቀረ። ጠቅልለው ልጃቸው ቤት ገቡ። መርፌ ውስጥ ክር ሳያዩ የሚያስገቡት፣ የስንቱን ሸሚዝ ቁልፍ የተከሉት እማማ፣ የገዛ ቀሚሳቸውን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት ልጃቸው ትቆልፍላቸው ጀመር። ስድስት ቁልፍ ነው። ስድስቱ እስኪያልቅ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከበሽታው ሁሉ ያመማቸው ይህ ነው። "ሌላው ይቅርብኝ፤ ቁልፌን ብቻ ራሴ ልቆልፍ" ነበር ጸሎታቸው።

እጃቸውን የምታሠራቸው ባለሙያ ለስላሳ የላስቲክ ኳስ ሰጠቻቸው። "ቀን በቀን ይጨብጡት፣ እማማ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ የሚሄደው ጫጩት ሆኖ ነው" አሉ እማማ። "እኔ በሰባ ዓመቴ ምን ልሆን ነው?" ቤት ሲደርሱ ኳሱን ሶፋ ሥር ሰደዱት።

ጠያቂው ሁሉ "ደህና ነዎት እኮ!" ይላል። ልጃቸውም "በጣም ተሽሎሻል፣ እማዬ" ትላለች። እማማ ዝቅ ብለው እጃቸውን ያዩታል፤ እጃቸው ያው ነው። እየዋለ እያደረ "ተሽሎዎታል" የሚለው ቃል ሲነሳ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ መርማሪው ጆይስቲኩን ይዞ ፊታቸው ቆመ።

"እማማ፣ ፈታኝ አጥቼ ተቸግሬያለሁ።"

"ምን የሚፈትን?"

"ጌም። በኔ እጅማ ሁሉም ይሠራል። ሊፍት የተሠራው ደረጃ መውጣት ላቃተው ሰው ነው፤ ጌምም ደካማ እጅ ካልፈተነው ተፈተነ አይባልም።"

"በዚህ በሙት እጄ?"

"በሱ ነው እንጂ! ደህናውን ጣልቃ ካስገቡ ምርመራው ይበላሻል።"

እማማ በልባቸው "አሁንስ ለየለት" አሉ። ነገር ግን ከታመሙ ወዲህ ሰው ሁሉ አርፈው ይቀመጡ ሲላቸው፣ ከዚያ እጅ ሥራ የፈለገ ይህ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ተቀበሉት።

የመጀመሪያው ጌም አትክልት ማጠጣት ነው። በአውራ ጣት አንዲት ነገር ተጭኖ መያዝ፣ ውሃው ሲወርድ ማየት፣ ሌላ ምንም የለውም። በመጀመሪያው ቀን የአትክልት ቦታው ሙሉ በሙሉ ደረቀ። እማማን ያሳዘናቸው ጣታቸው ሳይሆን ጎመኑ ነበር። "ነገ አጠጣዋለሁ" ብለው ማሉ። በማግስቱ ሁለት መደብ ተረፈ፤ በሳምንቱ አራት። መርማሪው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ያያል፣ ይጽፋል። "ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጽሕፈት?" ሲሉት "የጌሙ ጠባይ ነው" ይላል። አትክልቱ ለምልሞ ሲያበቃ ነጠቃቸውና በጠቋሚ ጣት የሚሳብ የዓሣ ማስገሪያ አመጣ። ዓሣውን እንደለመዱት እሱንም ወስዶ ባቡር አመጣ። "ምን ዓይነት ሰው ነው፣ የተመቸኝን ሁሉ የሚወስድብኝ?" እያሉ ለልጃቸው ያሙት ነበር።

ባቡሩ ክፉ ነው። ፍሬኑ በጠቋሚ ጣት ተይዞ በልክ በልኩ ካልተለቀቀ ገደል ይገባል፤ እማማ በአንድ ወር ውስጥ የገደሉት ተሳፋሪ ብዛት የትየለሌ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤት ብቻቸውን ሆነው የመጨረሻው ድልድይ ጫፍ ደረሱ። ጨነቃቸውና ጌሙን አቁመው በግራ እጃቸው ለአማቻቸው ደወሉ።

በዚያች ሰዓት ክቡር መርማሪ አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል የቆመ ሊፍት ጣሪያ ላይ ነበር። ሦስት ሰዎች ውስጥ ተይዘዋል። እሱ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠና መምራት ጀመረ።

"ፍሬኑን ባንዴ እንዳይለቁት! ቀስ… ቀስ… ባንዴ ከለቀቁት ገደል ነው የምንገባው!"

ከታች ጩኸት ተነሳ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን አቅፋ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። ከችሎት ቀጠሮው የቀረ መስሎት ሲነጫነጭ የቆየው ጠበቃም መጸለይ ጀመረ።

"አሁን ይልቀቁት!" አለ መርማሪው። ወዲያው ከጣሪያው "አለፍኩ! አለፍኩ!" የሚል የአሮጊት እልልታና የአንድ ወንድ ጭብጨባ ተሰማ። ሰዎቹ በደህና ሲወጡ መርማሪው በትሕትና አጎንብሶ፣ "ይቅርታ፣ አማቴ ባቡር እየነዱ ነበር" አላቸው። ይህ ማብራሪያ ያረጋጋው ሰው አልነበረም። መሥሪያ ቤቱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት።

እንዲህ እንዲህ እያለ የዓመቱ የመጨረሻ እሑድ ደረሰ። በዚያ ዓመት በጉጉት የመጣው የእማማ ትንሹ ልጅ፣ የሒሳብ መምህሩ ነበር። ስለ አንድ ግዙፍ የባሕር ጦርነት ጌም ዓመቱን ሙሉ አውርቶ አይጠግብም፤ አንደኛ እንደሚወጣም ጥርጥር አልነበረውም። መርማሪው ከአሥራ አንደኛ ጀምሮ ወደ ላይ አነበበ። የባሕር ጦርነቱ አራተኛ ወጣ። ባቡሩ ሦስተኛ፣ ዓሣው ሁለተኛ።

"አንደኛ፣ አትክልቱ" አለ መርማሪው።

መምህሩ ከወንበሩ ዘለለ። "አትክልቱ? አንዲት ነገር ተጭኖ ውሃ ማፍሰስ? ጤና ነህ ሰውዬ? ሕፃን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል እኮ!"

"ስሜት ሌላ፣ ምርመራ ሌላ።"

"እስቲ ምርመራህን አሳየን!" መምህሩ ፎርሙን ከእጁ መንጭቆ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። "'ቀኝ አውራ ጣት። አንደኛ ሳምንት፣ ሦስት ሰከንድ፤ ከዚያ ይዝላል። አምስተኛ ሳምንት፣ አንድ ደቂቃ ሳይንቀጠቀጥ። ዘጠነኛ ሳምንት፣ አትክልቱን በሙሉ አጠጣ። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ የመጣው በዚህ ጌም ነው፤ ስለዚህ አንደኛ።'" ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ሁለተኛውን ፎርም ገለጠ። "'ዓሣ። ጠቋሚ ጣት። ባለሙያዋ አይታው ተስማምታለች።'" ሦስተኛውን ማንበብ አልቻለም፤ ለእህቱ አቀበላት።

እማማ አማቻቸውን ትክ ብለው አዩት።

"ታዲያ ፈታኝ አልነበርኩማ" አሉ። "ሊፍቱ እኔ ነበርኩ።"

መርማሪውን ላብ አጠመቀው። "እማማ፣ ኳሱን እምቢ ስላሉ… ከባለሙያዋ ጋር ተማክረን…"

"ዝም በል። የጌሙን ሰማን። አሁን የኔን ውጤት አንብብ።"

"እማዬ፣ አንቺማ በጣም ተሽሎሽ…" ብላ ልጃቸው ስትጀምር፣ "አንቺን አልጠየቅኩም" አሏት።

ሁሉም መርማሪውን አየው። አንዲት "ብቁ" ብትወጣው ቤቱ በእልልታ ሊሞላ ነው። እሱ መነጽሩን አስተካከለ።

"አውራ ጣት ብቁ ነው። ጠቋሚም ብቁ ነው። የመሐል ጣት ጥገና ላይ ነው" አለና ጉሮሮውን ጠረገ። "የቀለበት ጣትና ትንሿ ገና አልታዘዙም። ላይታዘዙም ይችላሉ።"

ሚስቱ እግሩን ረገጠችው። እማማ ግን ለረጅም ጊዜ ያጡት እምነት ደረታቸው ውስጥ ሲሞላ ተሰማቸው። ዓመቱን ሙሉ ስንት ሰው ደህና ነዎት ብሏቸው አንዱንም አላመኑም ነበር። ይህ ሰው ትንሿ ጣት ወድቃለች ስላላቸው፣ አውራ ጣታቸው ማለፉን አመኑ። ይህን ግግም ያለ ሰው ከወለዷቸው እኩል እንደሚወዱት ያወቁትም ያን ጊዜ ነው። አልነገሩትም፤ "ፎርምህን ሰብስብ" ብቻ አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው እንደ ልማዷ ልትቆልፍላቸው ብትመጣ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል።

"ለቁልፍ ሁለት ጣት ይበቃል" አሉ እማማ ከውስጥ። "ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

አልሄደችም። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ። ከውስጥ አንዴ የቀሚስ መንኮሻኮሽ፣ አንዴ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ መርማሪው በክንዱ ከለከላት። "አትንኪያቸው። ሥራ ላይ ናቸው።"

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። እማማ ግንባራቸው በላብ ርሶ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀሚሳቸው ተቆልፏል። ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች፤ እንባዋም ወረደ። የመርማሪውም ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን ያው ዓይኑ ከአንገትጌው ጀምሮ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ወረደ።

"ሦስተኛው ቀዳዳውን ስቷል" አለ። "ከሱ በታች ያሉትም ተከትለውት ወርደዋል።"

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ሚስቱ ጎኑን በክርን መታችው።

እማማ ዝቅ ብለው አዩ። "እውነቱን ነው" አሉ። "እንዲህ ተንጋዶ የተቆለፈ ልብስ ከኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም።" ፊታቸው ላይ ቅያሜ አልነበረም። ተመልሰው ገቡና በሩን ዘግተው ከላይኛው ቁልፍ እንደገና ጀመሩ።

መርማሪው መሥሪያ ቤቱ ደውሎ እንደሚያረፍድ ተናገረ። ስንት ሰዓት እንደሚገባ ሲጠይቁት የተዘጋውን በር ቀና ብሎ አየና "እሱን የምወስነው እኔ አይደለሁም" አለ። ከዚያ ያን ግዙፍ ሰውነቱን አጣጥፎ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።