ሊቀ ድንች ቶርኬልና ጥቁር ባልዲዎቻቸው

ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዘዴ አዋቂ ጎረቤት አለው። የለኝም የሚል ካለ፣ ዘዴ አዋቂው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። እርስዎ አንዲት ሚስማር በመዶሻ ሲመቱ፣ ያ ሰው ከአጥሩ ወዲያ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «እሱ እኮ እንደዚያ አይደለም» ይላል። መናገሩስ ግድ የለም፤ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው ቆሽት የሚያሳርረው።

የእኔው ቶርኬል ይባላሉ። ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምላቸው። በልቤ ግን «ክቡር ሊቀ ድንች» እላቸዋለሁ፤ አንቱታ ለስድብ ይመቻል። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚገፈፍበትም ቀን ቢመጣ ገፋፊዋ እኔ ብሆን ደስ ይለኛል። ከከተማችን ዳር፣ ከባሕሩ አጠገብ ባለው የአትክልተኞች ማኅበር ውስጥ፣ የእኔንና የባለቤቴን የስቴላንን መደብ ከእሳቸው መደብ የሚለየው ወገብ የማይደርስ የቁጥቋጦ አጥር ነው። ዕድሜዬን ያሳጠረው የዚህ አጥር ማጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ሚድሶማር በሚባለው የበጋ አጋማሽ በዓል ዕለት፣ ማኅበራችን በሣሩ ላይ ረጅም ገበታ ይዘረጋል። በሆምጣጤ የተዘፈዘፈው ዓሣ፣ ክሬሙ፣ እንጆሪው፣ አረቄው ሁሉ ከሱቅ ቢመጣ ማንም አይናገርም። አዲሱ ድንች ግን ከገዛ አፈራችን መውጣት አለበት። ከሁሉ ቀድሞ አንድ ድስት አዲስ ድንች በገዛ እጁ ያደረሰ ሰው የአበባ ዘውድ ይደፋል፣ ከገበታው ራስጌ ይቀመጣል፣ እሱ የመጀመሪያዋን ድንች ሳይቆርስ ሹካ የሚያነሳ የለም።

«አበባ እኮ ነው፤ ማታ ይጠወልጋል» ይላል ስቴላን።

ይጠወልግ! እኔ እፈልገዋለሁ። ሊቀ ድንች ወደ ማኅበራችን ከመምጣታቸው በፊት ያ ዘውድ የእኔ ነበር። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ግን ጭንቅላቴ ላይ ያረፈ ነገር ቢኖር የባሕር ወፍ ኩስ ብቻ ነው።

የእኔ አተካከል የእናቴ ነው። ገመድ ተወጥሮ ቀጥ ያለ ቦይ ይቆፈራል፣ ድንቹ ይደረደራል፣ አፈር ይለብሳል፤ ሲበቅል ሁለት ጊዜ አፈር ማስታቀፍ ነው። አለቀ። ድንች መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ይኼ ክርክር አያሻውም።

እሳቸው ደግሞ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ከመኪናቸው ያወረዱት ጥቁር ባልዲ ነበር። ባልዲ! በላዩ ላይ ባልዲ! ሥሩን በመሰርሰሪያ እየበሱ ሲደረድሩት አይቼ እንግዳ ናቸው ብዬ አዘንኩላቸው።

«ጎረቤት፣ ውሃው በመስመር ይመጣል እኮ፤ መቅዳት አያስፈልግም» አልኳቸው።

«ድንች ልተክልበት ነው» አሉ።

«ባልዲ ውስጥ?»

«ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል። መሬቱ ገና ሲንቀጠቀጥ ባልዲው ይሞቃል። ዋናው ዘዴው ነው።»

ይቺን «ዋናው ዘዴው ነው» የሚሏትን ነገር ያን ዕለት ነው የሰማኋት። ሳቄን አፍኜ ገባሁ። በዚያው ሰኔ ዘውዱን ደፍተው ራስጌ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ዓሣ አቀብላቸው ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሊቀ ድንች ግን ሲይዙም ሲለቁም ለጉድ ነው። ከባልዲው በተጨማሪ አንድ ዓመት፣ አሮጌ የመኪና ጎማ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው በመሃሉ ተከሉ። ጎማው ለድንች አይበጅም የሚል ወሬ ሲሰሙ ደግሞ በማግስቱ አግተልትለው አወጡት። ሌላ ዓመት ድንቹን መሬቱ ላይ በትነው ገለባ አለበሱት፤ ሳይቆፍሩ ተከሉ፣ ሳይቆፍሩ ሰበሰቡ። ገለባውን ገለጥ አድርገው እንደ ዶሮ እንቁላል አንድ አንድ እያሉ ሲለቅሙ ሳይ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ጀርባዬን ይዤ አካፋ ላይ ተደግፌ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከባሕሩ ዳር የባሕር ሣር በጋሪ እየጫኑ ማምጣት ጀመሩ። ሰፈሩ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ይሽተት፤ ከዚያ መደብ የወጣውን ድንች ግን ባየሁት ጊዜ ሁለት ቀን አላናገርኳቸውም።

ክረምትም አይለቁኝም። በየካቲት፣ ምድሩ በረዶ ሆኖ ሳለ፣ የሱቅ ሰልፍ ላይ ያገኙኝና ስልካቸውን ያወጣሉ። ሌላው ሰው የልጅ ልጁን ፎቶ ያሳያል፤ እሳቸው በእንቁላል ካርቶን ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጠው የሚጎነቁሉ ድንቾች ያሳዩኛል።

«እቺን እያት፣ እቺኛዋን። ትናንት እኮ ምንም አልነበራትም!»

«ታምራለች» እላለሁ፤ ጥርሴ እየተፋጨ። ደግሞም ታምር ነበር።

ዘንድሮ ግን ዘዴያቸው ጣራ ወጣ። «ፀሐይ ከመሬት ቀድማ ጣራ ትነካለች» ብለው በድንች የተሞላ ጆንያ ተሸክመው የዕቃ ቤታቸው ጣራ ላይ ሊሰቅሉ መሰላል ወጡ።

«ቶርኬል፣ ውረድ! ትሰበራለህ!» አልኩ ከአጥሩ ወዲህ።

«ሞክሬው አይ...» አሉ፤ «ቻለሁ»ን ሳይጨርሱ ከነጆንያው ወረዱ። እግራቸው ተሰበረ። አምቡላንስ መጥቶ በቃሬዛ ሲወስዳቸው እንኳ፣ «ጆንያውን ቀና አድርጉት፣ ቡቃያው ይታፈናል!» እያሉ ነበር።

እውነቱን ልናገር? ቃሬዛው ከበሩ ሳይወጣ ልቤ ዘውዱን ለካው።

የሚገርመው የሚከተለው ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ በልማዱ አጥሩን ይሻገራል። ማንም የለም። «እንደዚያ አይደለም» የሚለኝ ጠፋ። ረድፌን ኮተኮትኩ፣ አፈር አስታቀፍኩ፤ የሚያየኝ ከሌለ ቀጥ ቢል ምን፣ ቢጣመም ምን? ምቀኛ አታሳጣኝ ሲባል ሰምቻለሁ። የምመቀኘውን አታሳጣኝ ብሎ የሚጸልይ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ የጀመርኩት ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ የውርጩ ቀን መጣ። በእኛ አገር በጋው ገብቷል ብሎ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ከሰቀለ በኋላ፣ አንድ ሁለት ብረት የመሰለ ሌሊት ተመልሶ ይመጣና የበቀለውን ሁሉ አጥቁሮ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ማይቮር፣ ዛሬ ውርጭ ይወርዳል።» ከሆስፒታል ነበሩ።

«ሰምቻለሁ።»

«ረድፍሽን አፈር አስታቅፊው፤ የቅጠሉ ጫፍ ብቻ እስኪቀር። ከላዩ ጨርቅ ጣይበት። ጨርቅ ብቻውን አይበቃም፣ ሞክሬው አይቻለሁ።»

«እሺ። ያንተስ?»

 

«የእኔን ተይው። እዚህ ተጋድሜ ምን አደርገዋለሁ? ያንቺን አድኚ። ዘንድሮ ዘውዱ ላንቺ ይሁን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው የሰጡህ?»

«ብዙ» አሉና ዘጉት።

የእኔን እንዳሉኝ አለበስኩ። ከዚያ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ባልዲዎቹ ተደርድረዋል፤ ቅጠላቸው ጉልበቴን አልፏል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ አበባ ይዟል። የእኔ ገና ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ያለ ነበር። ዝም ብዬ ቤቴ ብገባ ማን ይወቅሰኛል? ውርጭ ነው፤ ውርጭ አላዘዝኩም። እስከ ነገ ጠዋት እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ዘውዱ የእኔ ነው።

«ምን ታያለሽ?» አለ ስቴላን ከኋላዬ።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ጓንቱን ለምን አደረግሽ?»

አጥሩን ተሻግሬ አንዱን ባልዲ ያዝኩት። ስንት ዘመን «ባልዲ የውሃ ነው» እያልኩ ስቀልድ፣ ባልዲ ማንጠልጠያ እንዳለው ልብ ብዬ አላውቅም ለካ! የእኔን ረድፍ ውርጭ ሲመጣ አንስቼ ቤት ማስገባት አልችልም። ይኼን ድንች ግን እንደ ገበያ ዘንቢል አንጠልጥዬው ሄድኩ። እንዴት ተናደድኩ መሰላችሁ! በየምልልሱ ቁጣዬ እየጨመረ ሁሉንም ወደ ትንሿ ቤታችን አግበሰበስኳቸው። አልጋው ሥር ባልዲ፣ ጠረጴዛው ላይ ባልዲ፣ የስቴላን ወንበር ላይ ባልዲ።

«በስተርጅና ሌላ ወንድ ቤት አስገባሽብኝ» አለ ስቴላን፤ ቅጠል ከፊቱ እየገፋ።

በነጋው ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። ገለባ ውስጥ የነበረው የቶርኬል ድንች ጠቁሯል። የእኔ ረድፍ ተርፏል፤ ግን ጫፉን ብርዱ ለብልቦታል። ባልዲዎቹን አንድ በአንድ መልሼ ፀሐይ ላይ አሰለፍኳቸው። ውርጭ መውረዱን እንኳ የሚያውቁ አይመስሉም።

የሚድሶማር ጠዋት ረድፌን በጣቴ ቆፈር አድርጌ ፈተሽኩ። ብይ፣ ብይ የምታክል። ሳልወድ በግዴ አጥሩን ተሻገርኩና አሮጌ አንሶላ አንጥፌ ባልዲዎቹን ደፋሁ። ጥቁሩ አፈር ሲናድ ነጫጭ ድንቾች ተንከባለሉ፤ ቆዳቸው በአውራ ጣት የሚገፈፍ፣ ወዝ ያላቸው። አንድ ድስት ሞላ። በእንስላል ቀቅዬ ገበታው ራስጌ፣ የሰውዬው ወንበር ፊት አስቀመጥኩት።

ሊቀ ድንች ከሆስፒታል ወጥተው በክራንች እየነጠሩ መጡ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሲግብሪት ዘውዱን ይዛ ወደ እሳቸው ስትሄድ ክራንቻቸውን አንስተው አስቆሟት።

«ሕጉ ምንድነው?» አሉ።

«የመጀመሪያውን ድንች በገዛ እጁ ከአፈር ያወጣ።»

«የእኔን እጅ እዪው።» ዘረጉት፤ ንጹሕ የሆስፒታል እጅ። «አሁን የማይቮርን ጥፍር እዪ።»

ገበታው በሙሉ ዞሮ ጥፍሬን አየ። ከየጥፍሬ ሥር አፈር ተቆልሏል። ሲግብሪት ዘውዱን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደረገችው።

«አልፈልግም! የእሱ ነው! ምጽዋት አልቀበልም!» ብዬ ጮህኩ።

«ቁረሺ እንጂ፣ ራበን!» አለ አንዱ ከግርጌ።

ቆረስኩ። ቀመስኩ። ከእኔ ድንች ይበልጣል፤ ይኼን ለእናንተ ነው የነገርኳችሁ እንጂ ለእሱ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ አልኩ? ይቅር በሉኝ፤ ሰው ተሰብሮ ሲመጣ አንቱታው ይረሳል።

«ለከርሞ በረድፌ ቀድሜህ ባላሳይህ እኔ ማይቮር አይደለሁም» አልኩት።

«በረድፍ?» አለ ቶርኬል፤ አፉ ድንች እንደሞላ። «ዋናው እኮ ዘዴው ነው።»

አበባው፣ ስቴላን እንዳለው፣ ማታውን ጠወለገ። በማግስቱ የቶርኬልን ባልዲዎች በሙሉ በሳሙና አጠብኳቸው። እሱ በአንድ እግሩ ቆሞ ማጠብ አይችልም፤ ካልታጠቡ ደግሞ ለከርሞ በሽታ ይይዛሉ፤ በሽታ ከያዙ ደግሞ በማን እቀናለሁ? አድርቄ፣ አንዱን ባንዱ ውስጥ ከትቼ፣ ደጃፉ ላይ ደረደርኩለት።

አንድ ባልዲ ጎድሏል፤ ለከርሞ እኔ ጋ ሥራ አለው። ከጠየቃችሁ አላየንም በሉት።