ከውሻ ንክሻ እስከ በሬው

ከአንዲት ትንሽ ነገር ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ቤት መፍረስ የሚያወርዳችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጎቴ አያ ቢያድግልኝ አሉኝ።

ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሽንዲ ገጠር በገባሁ ሰሞን አክስቴን ያበደ ውሻ እጇን ነከሳት። «ዛሬውኑ ቡሬ ሄዳ መርፌ ትወጋ» አልኩ። ታላቅ ወንድሟ አያ ቢያድግልኝ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ዛሬ ለውሻ ንክሻ ቡሬ ከሄደች ነገ ለራስ ምታት ትሄዳለች። ከዚያ ከተማ ትለምዳለች። ከተማ የለመደች ባሏን ትንቃለች። የተናቀ ባል በሬውን ይሸጣል፤ መሬቱም ጦም ያድራል። ለአንዲት ጭረት ብለን ቤቷን እናፍርስ?»

የተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አክስቴ ራሷ «እውነትዎን ነው አያ፤ እኔንም የበሬው ነገር አሳሰበኝ» አለች።

እኔ በዚያው ዓመት ሎጂክ ተምሬያለሁ። እንዲህ ያለው ክርክር የቁልቁለት ህፀፅ እንደሚባል፣ ለእያንዳንዱ ደረጃም ማስረጃ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ግን ታላቅ ሲናገር ይቋረጣል እንዴ? እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቅሁ።

ሲጨርሱ «አንተስ፣ የተማርኸው፣ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«እርስዎ እንዳሉ» አልኩ።

ክንዷ ላይ የመድኃኒት ሥር ታሰረላት። ከወር በኋላ ውኃ ሲያቀርቡላት መጮኽ ጀመረች፤ በሳምንቱ ቀበርናት።

በአርባኛው ቀን በሬው ለተዝካሯ ታረደ። አያ ቢያድግልኝ ከሥጋው ቆርጠው ፊቴ አኖሩልኝና «ብላ እንጂ የኔ ተማሪ» አሉኝ።

በላሁ።