ጋሽ ቴሌስኮፕና ዓይን አፋሯ ኔቡላ

በየሕንጻው፣ ያየውን ሁሉ ሌላው ካላየለት እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ጡረታ የወጡት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ክቡር ጋሽ ቴሌስኮፕ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ይመስሉኛል።

ገና ሲመሽ ደረጃው ላይ ይጠብቁሃል። ዳቦ ይዘሃል፣ ሽንት ይዞሃል፣ ግድ የላቸውም። «አንድ ደቂቃ!» ብለው ጣሪያ ላይ ወደተከሉት ቴሌስኮፕ ያወጡሃል። አንደኛ ፎቅ ያለው የጥርስ ሐኪም መብራት ጠፋብኝ ብሎ ቢጠራቸው፣ መጀመሪያ ጣሪያ አውጥተውት ነው ፊውዙን የቀየሩለት።

የሚያሳዩት ፕላኔታዊ ኔቡላ ነው። «ፕላኔት እንዳትመስልህ! ድሮ ያዩዋት ሰዎች ክብ ስለሆነች ተሳስተው ያወጡላት ስም ነው። ኮከብ ስታረጅ ከላይዋ የገፈፈችው ጋዝ ነው» ይላሉ። እኔ የሚታየኝ ጨለማ ብቻ ነው። ሳፈጥጥ ትከሻዬን መታ ያደርጉኛል።

«አታፍጥጥባት፣ ዓይን አፋር ናት! ከጎኗ ያለውን ጨለማ እይ፣ ራሷ ብቅ ትላለች። አየሃት?»

«አየኋት!»

«ቀለሟስ?»

«ቀይ!»

እራቴ እየቀዘቀዘ እውነት መናገር አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዋሸሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው ደረጃ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ የዓይኑ ግፊት ነርቩን ጎድቶበታል። የዓይን ሐኪሙም የሄደው እይታ አይመለስም ብሎታል። ደማቆቹን ኮከቦች እንደምንም ያገኛል፤ እሷን ግን ካያት ሁለት ዓመት አለፈው። አሁንም አለች ወይ ብሎ ነው ሰው የሚጎትተው» አሉኝ።

አፈርኩ። በዚያው ምሽት ሳልጠራ ወጣሁ። ዛሬ ሳላያት አልወርድም ብዬ ቆረጥኩ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር አፈጠጥኩ፤ ምንም። እግሬ ደነዘዘ፤ ምንም። እሳቸው በዚያ ብርድ በካፖርታቸው ተጠቅልለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አጠገቤ ቆመዋል። ጭንቅላቴን ሳላነሳ በዓይኔ ብቻ ወደሳቸው በኩል ገልመጥ አልኩ። ያኔ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ አለች! ትንሽ ቀለበት ናት፣ ጭስ የመሰለች!»

«ቀለሟስ?»

«ቀይስ አይደለችም። አረንጓዴ ቢጤ፣ ግራጫ ቢጤ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ብዙ ጠረጉ።

«ቀይ ያልክ ቀን ሁሉ እንዳላየሃት አውቅ ነበር» አሉ። «በል ውረድ፣ እራትህ ቀዘቀዘ።»

ሂድ ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«አንድ ደቂቃ፣ ጋሼ» አልኳቸውና ተመልሼ ጎንበስ አልኩ። «መሃሏ ላይ ኮከቧ ትታይ እንደሆነ አይቼ ልንገርዎት።»