ቄሳሩን ለመግደል የተዋስነው ድንኳን

ጋቢ ለብሶ ተራ ሰው የሚመስል ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተ አይታችኋል? በሹራብ ሲያልፍ ዞር ብላችሁ የማታዩት ጎረቤት፣ አንድ ቀን ለለቅሶ ጋቢውን ጣል አድርጎ ሲወጣ የአገር ሽማግሌ ይሆናል። ድምፁ ራሱ ይወፍራል። የሮምን ታሪክ ካዛንቺስ ውስጥ መቅረጽ እንደሚቻል የገባኝ ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ነው። ምክንያቱም ሮማውያን፣ ልንገራችሁ፣ ጋቢ ለባሾች ነበሩ። ስሙን ሌላ ይበሉት እንጂ ያው ጋቢ ነው፤ አንዱ ጫፍ ትከሻ ላይ፣ ሌላው ክንድ ላይ።

ደግሞ ካዛንቺስና ሮም ባዳ አይደሉም። የሰፈራችን ስም ራሱ ጣልያኖች ለሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች የመጣ ነው። ይህን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። አብዛኛው ሰው "ማን ጠየቀህ?" ይለኛል። ምን ላድርግ? ያወቅሁትን ይዤ ዝም ስል ያሳክከኛል።

ፊልም የተማርኩት ጋሽ ዘውዱ ቪዲዮ ቤት ነው። ጋሽ ዘውዱ ካሴት ያከራያል፣ ሰርግ ይቀርጻል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ተቀምጬ ያየሁትን ፊልም ብዛት እኔም አላውቀው። ሰይፍ ያለበት ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው የማየው፤ አንዴ ለታሪኩ፣ አንዴ ደግሞ ከኋላ ከሚያልፉት ወታደሮች መሀል የእጅ ሰዓት ያሰረ ለመፈለግ። አንድ ቀን አገኘሁ። ለካ እነሱም ይሳሳታሉ፤ መሳሳትማ እኔም እችላለሁ አልኩ። ፊልም ሠሪ ለመሆን የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ችግሩ፣ አባዬና ጋሽ ዘውዱ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የእህቴን የአዜብን ሰርግ የቀረጸው ጋሽ ዘውዱ ነው። አባዬ ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ በቀን የሚናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል። የዚያን ቀን ግን ሙሽሮቹ ጉልበቱን ሊስሙ ሲንበረከኩ ብድግ ብሎ መረቀ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሩብ ሰዓት ያህል መረቀ። ሴቶቹ አለቀሱ። አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ አለቀሰ። በኋላ ካሴቱ ሲታይ ሙሽሮቹ ይንበረከካሉ፣ ከዚያ ኬክ ይቆረጣል። ምርቃቱ የለም። ለካ ባትሪ አልቆ ኖሯል። ጋሽ ዘውዱ ደንግጦ ለማንም ሳይናገር፣ የሞተ ካሜራ ትከሻው ላይ አድርጎ እንደሚቀርጽ ሰው ሲዞር ነበር። አባዬ የባትሪውን ማለቅ ይቅር ይል ነበር። ያንን መዞር ግን ይቅር አላለም። "አሾፈብኝ" አለ፤ በቃ፣ ሰላምታ ቀረ። እኔም ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ እንዳልደርስ ተከለከልኩ። ለእናንተ ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ለእኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደ መባረር ነበር። በጓሮ በር እየገቡ መማር እስከ መቼ?

ፊልሙን ለዐቢይ ጾም አደረግሁት። ለምን? በጾም ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ ካሜራው ሥራ ፈት ነው። ጋሽ ዘውዱ ካሜራውን እሺ አለኝ፣ ግን እሱም መተወን ፈለገ። ቄሳሩ ማነው አለኝ። በሰፈሩ ለቄሳር የሚሆን ቁመት ያለው አባዬ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። "እንግዲያው ገዳዩ እኔ ነኝ" አለ። አባዬም ገዳዩ ማን እንደሆነ ሲሰማ፣ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ፣ "እሱ ልምምድ አያስፈልገውም፤ አንዴ ገድሎኛል" አለ። ግን እምቢ አላለም። ለምን እምቢ እንዳላለ ያኔ አልገባኝም።

የቀረውን ጎረቤት ሰጠን፤ ጎረቤት ይባረክ። የወታደሮቹ የራስ ቁር ድስት ነው፤ አናቱ ላይ ቀይ የመጥረጊያ ብሩሽ አለበት። ጋሻው ከጣሪያ የወረደ ዲሽ ነው፤ ኳስ ሳይጀመር ይመለሳል ብዬ ምያለሁ። የቄሳሩ አክሊል እናቴ ለፋሲካ ጠላ ከገዛችው እርጥብ ጌሾ ተጎንጉኖ ወርቅ ቀለም ተቀባ፤ እናቴ እስከ ዛሬ አይጥ ነው የበላው ትላለች። ቤተ መንግሥቱ ጅምር ሕንፃ ነው። ሮም ፈርሳ ፈርሳ ዓምድ ቀራት፤ የእኛዋ ገና ዓምድ ላይ ናት። ካሜራ ልዩነቱን አያውቅም፣ ከአናቱ የሾለውን ፌሮ ካላያችሁ።

የቸገረኝ ሸንጎው ነበር። ሸንጎ አግዳሚ ወንበር ይፈልጋል፣ ቄሳር ድንኳን ይፈልጋል፤ ሁለቱም ያሉት እድር ቤት ነው። የእድራችን ሊቀ መንበር ሻለቃ ደምሴ ደግሞ ከደንብ ውልፍት የሚሉ ሰው አይደሉም። የእድር ዕቃ ለለቅሶ ካልሆነ አይወጣም አሉኝ።

"ሰው ይሞታል እኮ፣ ሻለቃ" አልኳቸው።

"ማን?"

"ቄሳሩ።"

"የእድሩ አባል ነው?"

"የሚሆነው አባዬ ነው።"

"አባትህ አባል ነው። መቼ ይሞታል?"

"ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

ሻለቃ መዝገቡን አውጥተው ጻፉ። ዕቃው ሲወጣ ኮሚቴው አብሮ ይወጣል የሚል ደንብም ስላለ፣ ሰባት ሽማግሌ ከነጋቢያቸው መጡልኝ። ሸንጎዬ ሞላ። ከሰባቱ አንዱ ሐጂ ይማም ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ። በሰፈራችን የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በሳቸው ነው። አባዬንና ጋሽ ዘውዱን ብቻ አልቻሏቸውም። ሁለቴ ሞክረው ሁለቱም "አልተጣላንም" ብለዋቸዋል። አልተጣላሁም የሚልን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ ታሪኩን አስረዳሁ። ቄሳሩ ይገባል፣ መሀል ላይ ይቆማል፣ ገዳዩ ይወጋዋል፣ እናንተም ተነስታችሁ እያንዳንዳችሁ አንዴ ትወጋላችሁ አልኩ። የእንጨት ጩቤም አደልኩ። ሐጂ ይማም ጩቤውን አገላብጠው አዩና ሰውዬው ምን አጠፋ አሉኝ። ብቻዬን ካልነገሥኩ አለ አልኳቸው። ሽማግሌ ተልኮበት ነበር ወይ አሉ። አልተላከም። እና ሳይመከር ይወጋል? ታሪክ ነው ሐጂ፣ እንዲህ ነው የሆነው አልኩ። ሻለቃ ጣልቃ ገብተው፣ የሰው አገር ሰዎች ስለተሳሳቱ እኛ በጾም ምን አስደገመን አሉ። ሲቸግረኝ፣ መጀመሪያ ጋሽ ዘውዱ ይውጋ፣ እናንተ ከዚያ ትወስናላችሁ ብዬ ካሜራውን አስነሳሁ።

አባዬ ገባ። አክሊሉ፣ ጋቢው፣ ቁመቱ! ከጋቢው ሥር ደረቱ ላይ በላስቲክ የቀይ ስር ውሃ ቋጥሬለታለሁ፤ ሲወጋ እንዲፈስ። ጋሽ ዘውዱ ከዓምዱ ጀርባ ወጥቶ ጩቤውን አነሳ። ለአባዬ የጻፍኩለት፣ "ወዳጄ፣ እጅህን ከሩቅ አወቅሁት" የሚል ቃል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አስጠንቼዋለሁ። እሱ ግን ጋሽ ዘውዱን ትክ ብሎ አየና እንዲህ አለ፦

"ዘውዱ፣ ዛሬስ ባትሪ አለህ?"

የጋሽ ዘውዱ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና ጋቢው ሥር ገብቶ ሁለት ባትሪ ይዞ ወጣ።

"ከዚያ ሰርግ ወዲህ እነዚህን ሳልይዝ ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም" አለ። "ለቅሶ ስሄድ እንኳ ይዤ ነው የምሄደው። ምን ብዬ ልንገርህ? አፍሬ ነበር።"

ሐጂ ይማም ሁለት ዓመት የጠበቋት በር ናት። ጩቤያቸውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ተነሱ። እኔ "ቁም" ልበል አልበል ስል፣ ሸንጎው ሽምግልና ሆኖ አረፈው። ጥፋተኛው ይቅርታ ጠየቀ፣ ቄሳሩ አኩርፎ መክረሙ አግባብ እንዳልሆነ ተነገረው፣ ወታደሮቹ ድስታቸውን አውልቀው አዳመጡ። ሲተቃቀፉ ላስቲኩ ፈነዳ። እርቅ ደም ያድርቅ ይላሉ አይደል? የእኛው እርቅ የሁለቱንም ጋቢ በደም አራሰው።

ሻለቃ ግን መዝገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ዕቃ ወጥቷል፣ ሟች የለም፤ ምን ብዬ ልዝጋው አሉ። ሐጂ ይማም፣ "የሞተው ቂም ነው፣ እሱን ይጻፉ" አሏቸው። ጻፉት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ዘውዱ ካሜራውን ከእጄ የወሰደው። "አንተ ዞር በል፤ የእኔ ሥራ ነው" አለ። አዲስ ባትሪ አስገባ። አባዬን አየው። አባዬ ምንም አልጠየቀም፤ እጁን ዘርግቶ አዜብን መረቀ። አዜብ እዚያ የለችም፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። እሱ ግን ፊቱ እንደተንበረከከች አድርጎ መረቃት። ውለዱ፣ ክበዱ አለ፤ ልጇ መራመድ ጀምሯል እኮ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፣ እንጀራችሁ አይጉደል አለ። ሽማግሌዎቹ አሜን፣ ሐጂ ይማም አሚን፣ ወታደሮቹ ድስታቸውን እያነሱ አሜን። አባዬ ለምን እምቢ እንዳላለ ያኔ ገባኝ። ጋሽ ዘውዱን የሚያገኝበት ሰበብ አጥቶ ነበር፤ በጩቤም ቢሆን ይምጣ ብሎ ነው።

ፊልሙ አላለቀም። ቄሳር ካልሞተ ምኑ ይቀጥላል? የተረፈው ምርቃቱ ብቻ ነው። ጋሽ ዘውዱ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በፊት ለፊት በር ገብቼ ማለቴ ነው፣ የአዜብ ሰርግ ካሴት ውስጥ ቦታው ላይ ከተተው። ዛሬ እሷ ቤት የሰርግ ቪዲዮ ሲከፈት፣ ሙሽሮቹ ይንበረከካሉ፤ ወዲያው ደረቱ ደም የለበሰ የሮም ቄሳር፣ የጌሾ አክሊል ደፍቶ፣ ከፌሮ ሥር ቆሞ ይመርቃቸዋል፤ ከዚያ ኬክ ይቆረጣል። እንግዶች ማነው ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት አዜብ ትቀድመኛለች። "አባቴ ነው" ትላለች፤ ሌላ ምንም አትጨምርም። ሳላስረዳ ደስ ያለኝ እዚያ ቤት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለሌላ ፊልም ድንኳኑን ብጠይቅ ሻለቃ አይሰጡኝም። "አንተ ይሞታል ያልከው ሰው አይሞትም" ይሉኛል።

እኔም አባዬን አስብና፣ አሜን ብዬ እመለሳለሁ።