ክቡር የሆዳችን ሚኒስትር

የሩጫ ቡድን ባለበት ሁሉ አንድ የማይሮጥ ሰው አለ፤ ይሄው ሰው ደግሞ ስለ ሩጫ ከሯጮቹ ሁሉ በላይ ያውቃል። ጉልበቱ እምቢ ብሎት፣ ወይ ወገቡ ከድቶት፣ ወይ ከነጭራሹ ሮጦ ሳያውቅ ሜዳው ዳር ይቆማል። ቆሞ ግን ዝም አይልም። አንዳንዱ ስለ ጫማ ይሰብካል፣ አንዳንዱ ስለ አተነፋፈስ። ለኛ ቡድን የደረሰን ስለ ሆድ የሚሰብክ ነው።

እኛ "ክቡር የሆዳችን ሚኒስትር" እንላቸዋለን። ሹመቱን የሰጠናቸው ለማሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን ኮስተር ብለው ተቀበሉት። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ቧንቧ መጠገን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ማጠቢያ ሥር ተንበርክከው ኖረዋል፤ ስለ ሰው ሆድ ከሚያውቁት ግማሹን የተማሩት እዚያ ነው። "ሆድ ምንድን ነው? ቧንቧ ነው!" ይላሉ መፍቻቸውን እያወዛወዙ። "ከላይ ይገባል፣ ከታች ይወጣል። መሃል ላይ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው ሙያ ማለት።" ሌላውን ግማሽ ያገኙት ከመጽሐፍ ነው፤ ያነባሉ፣ ያውም በእስክሪብቶ እያሰመሩ።

እንደ ሰው "ደህና አደራችሁ" አይሉም። የሳቸው ሰላምታ ሦስት ጥያቄ ነው፦ "በልተሃል? ምን? መቼ?" የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ይዋሻል። ጉድ የምታፈላው ሦስተኛዋ ናት። አንድ ቀን ሳልበላ ወጥቼ "ዳቦ በልቻለሁ" አልኳቸው።

"መቼ?"

"አሁን፣ ከመውጣቴ በፊት።"

"አሁን ከሆነ ገና ጨጓራህ ላይ ነው፤ ታዲያ እንዴት ልትሮጥ መጣህ?"

"አይ፣ ማለቴ ቀደም ብዬ..."

"ስንት ሰዓት ቀደም ብለህ?"

ፖሊስ ጣቢያ እንኳ እንደዚህ አይመረምሩም። በመጨረሻ ሙዝ አስያዙኝ፤ ልጬ ውጬ እስክጨርስ ድረስም አጠገቤ ቆሙ።

ቦርሳቸውን የማያውቅ የለም። በአንዱ ኪስ ፒንሳና መፍቻ፤ በሌላው ማር በውሃ በጥብጠው የሞሉባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች፣ ፍሬው የወጣለት ተምር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቀቀለ ድንች። ድንቹ ተልጦ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ እያንዳንዱ እኩል ስምንት ቦታ ይቆረጣል። ለምን ስምንት እንደሆነ አንዴ ጠይቄ አንድ ሰዓት ቆሜ ስለሰማሁ ሁለተኛ አልጠይቅም። ሚዛንም ይዘው ይመጣሉ፣ ሰው መታጠቢያ ቤቱ የሚያስቀምጠውን ዓይነት። ከሩጫ በፊት ይመዝኑናል፣ ከሩጫ በኋላም ይመዝኑናል፤ ልዩነቱን ደብተር ላይ ጽፈው "አንተ ዛሬ አንድ ሊትር ከሩብ ላብ አፍስሰሃል፣ በል ጠጣ!" ብለው ጠርሙስ ያስጨብጣሉ። ሚዛን የተሠራው የጎደለውን ለመሙላት ነው ባይ ናቸው።

ምክራቸውን የናቀ ደግሞ የእጁን ያገኛል። ምስክሩ እኔ ነኝ። በአንድ የግማሽ ማራቶን ውድድር ላይ፣ መነሻው አጠገብ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ጣፋጭ ነገር በነፃ ሲያድሉ አገኘሁ። ነፃ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ሦስቱን መጠጥኩ። "ልምምድ ላይ ያልሞከርከውን በውድድር ቀን አትሞክር" የሚለውን ሕጋቸውን ረስቼው ሳይሆን ንቄው ነው። አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴ ውስጥ ነጎድጓድ ተነሣ። ያን ቀን በጣም ፈጥኜ የሮጥኩት ወደ መጸዳጃ ቤቱ ያለችውን ሁለት መቶ ሜትር ነው። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩን ስከፍት ክቡርነታቸው ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። "ያልለመደ ቧንቧ ላይ ድንገት ግፊት አይለቀቅም አላልኩህም?" ሲሉኝ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም "እስኪ ይድገሙት" አለቻቸው። ደገሙት።

እስካሁን የሳቅኩባቸውን ነው ያወራኋችሁ። የማልስቅበትም አለ።

ከቡድናችን እውነተኛዋ ሯጭ ታናሽ እህቴ ናት። እኛ የምንሮጠው ቦርጭ ለማጥፋት ነው። እሷ ቀን ቀን ፋርማሲ ቆማ መድኃኒት ትሸጣለች፣ ልቧ ያለው ግን የከተማው ትልቁ ክለብ ጋ ነው፤ እዚያ ከገባች ሩጫው ራሱ ሥራዋ ይሆናል። ለመግባት ግማሽ ማራቶንን ከአንድ ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ በታች መሮጥ አለባት። አንድ ደቂቃ ብቻ ቀርቷት ነበር። የክለቡ አሰልጣኝ ከላይ እስከ ታች አያትና "ሩጫሽ ደህና ነው፤ ሦስት ኪሎ ብቻ ቅለይ" አላት።

"ቅለይ አላት?" አሉ ክቡርነታቸው ሲሰሙ። "ሰው የሚመከረው ከበድ በል ተብሎ ነው እንጂ ቅለል ይባላል እንዴ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህቴን ድንች እጥፍ አደረጉት። እሷም "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እጄን ታጥቤ እበላዋለሁ" ብላ ትቀበልና ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ትገባለች። ስትመለስ ዕቃው ባዶ ነው። የሰውየው ደስታ ወሰን አልነበረውም።

ሰዓቷ ግን ባሰበት። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ሄደች። በጠራራ ፀሐይ ጃኬት ትደርባለች፣ ትንሽ ነገር ያስለቅሳታል፣ ደረጃ ስትወርድ ቅልጥሟን ይዛ ትቆማለች። እኔ ወንድም ተብዬው "ልምምድ ጨምሪ" አልኳት።

አንድ እሑድ ጠዋት የሴቶቹ መታጠቢያ ውሃ ሞልቶ ወደ ውጭ ፈሰሰ። የሜዳው ጥበቃ ክቡርነታቸውን ጠራ፤ እኔ ባትሪ ያዥ ሆኜ ተከተልኩ። ማጠቢያው ሥር ተንበረከኩ፣ ጎሚቶ የሚሉትን የታጠፈውን ቧንቧ ፈቱት፣ ባልዲ ላይ አራገፉት። ዱብ ዱብ እያለ ወደቀ። ድንች ነበር። ያበጠ፣ የጠቆረ ድንች፤ መሃል መሃሉ ላይ ተምር።

ስድብ ጠበቅኩ፣ ስብከት ጠበቅኩ። አንዱን ቁራጭ አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

"የኔ ድንች ነው" አሉ።

"በምን አወቁት?"

"አቆራረጤን አጣዋለሁ እንዴ? ድንቼን ይዛ እዚህ የምትገባው ደግሞ አንዲት ልጅ ብቻ ናት።" ቀና ብለው አዩኝ። "እህትህ ቤት ምን ትበላለች?"

"ቤትማ አትበላም። ሜዳ ላይ በልቻለሁ ነው የምትለኝ።"

"እኔን ደግሞ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት ትለኛለች።"

አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየተቀመጥን፣ የሷ ሳህን ባዶ መሆኑን እኔ አላየሁም፤ ያዩት የቧንቧ ሠራተኛው ናቸው። ጥበቃው አንገቱን አስግጎ "ምንድን ነው የደፈነው?" ሲላቸው "ፀጉር ነዋ፣ የሴቶች መታጠቢያ አይደል?" ብለው ባልዲውን በጨርቅ ሸፈኑት።

ያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ወንበር ስበው እህቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ። "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ከፍቻለሁ። ያየሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያንቺንም አልናገርም። እኔ የማልጠይቅሽ ጥያቄ አለ፤ እሱን ሴት ሐኪም ትጠይቅሽ። ነገ ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን።" እህቴ ጠረጴዛውን እያየች "በልቻለሁ ስልዎት..." ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ሐኪሟ ጠየቀቻት፣ መረመረቻት፣ ራጅ አስነሣቻት። የወር አበባዋ ከቆመ አምስት ወሩ ነው። የቅልጥሟ አጥንት መሰንጠቅ ጀምሯል። "ሰውነትሽ የሚያቃጥለው ሲያጣ ራሱን መብላት ይዟል" አለቻት፤ ለሁለት ወር ሩጫ የሚባል ነገር የለም። የክለቡ ማጣሪያ ደግሞ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

እህቴ ገና ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ሳንርቅ ወደ ክቡርነታቸው ዞረች። "ዕድሌን በሉብኝ!" አለቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያበሉ የኖሩትን ሰውዬ! "ብሰበርም የምሰበረው እኔ ነኝ፣ እርስዎን ምን አገባዎት?"

ያ አፋቸው የማይዘጋው ሰውዬ "ልክ ነሽ ልጄ" ብቻ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ደጃችን ላይ ክዳን ያለው ዕቃ አስቀምጠው አለፉ። ሩዝ፣ እንቁላል፣ ድንች። እህቴ ዘወር ብላም አላየችው። በሁለተኛው ቀን ሙሉውን አንሥተው ሌላ አስቀመጡ። በሦስተኛውም በአራተኛውም እንዲሁ። በስድስተኛው ቀን አላስቻለኝም፤ ደስ ይበላቸው ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁት። በነጋታው ዕቃውን ከፍተው አየት አደረጉና "ይሄን የበላኸው አንተ ነህ" አሉኝ። "እሷ ብትሆን አጥባ ነበር የምትመልሰው። ደግሞ እንቁላል ላንተ ጨጓራ አይስማማም፣ ስንቴ ልንገርህ?"

በአሥራ አንደኛው ቀን ዕቃው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ደጁ ላይ ጠበቃቸው። እኔ በመስኮት ነበርኩ። ብድግ አደረጉት፣ ከፈቱት፣ ገልብጠው አሸተቱት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ዐይናቸውን ጠረጉ። ሆደ ሰፊ የሚባል ሰው ካለ እንግዲህ እሳቸው ናቸው፤ ተሰድበው፣ አሥር ቀን ሙሉ በር ተዘግቶባቸው፣ አንድም ቀን አልቀሩም።

ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ክለቡ እንደገና ማጣሪያ አዘጋጀ። በክቡርነታቸው ደብተር መሠረት እህቴ አራት ኪሎ ጨምራለች፤ ሳቋም ተመልሷል። አሰልጣኙ መነሻው አጠገብ ሚዛን አስቀምጦ "እስኪ እዚህ ላይ ቁሚ" አላት።

"እርስዎ ሰዓቴን ይያዙልኝ" አለችው። "ሚዛኔን የሚይዝልኝ ሰው አለኝ።"

ያ ሰው አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆመው ነበር፤ ከሥራ በቀጥታ መጥተው፣ ቦቲ ጫማቸውን እንደተጫሙ። ጠርሙሱን አቀብለዋት "ፉት በይው እንጂ አትጋቺው!" እያሉ መቶ ሜትር ያህል አብረዋት ሮጡና አጥር ይዘው ቀሩ። እህቴ በአንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሁለት ሰከንድ ገባች። ደውዬ ሰዓቱን ስነግራቸው "ከገባች በኋላስ ምን ቀመሰች?" አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ክለቡ ጽሕፈት ቤት ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። "በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው" የሚል መስመር አለ። ስልኬን ልነግራት ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷ የክቡርነታቸውን ስም ከነአያታቸው ጽፋ ጨርሳለች። "ዝምድና" በሚለው ላይ "የቧንቧ ሠራተኛ" ብላለች። ጸሐፊዋ አየችውና "እህቴ፣ ይሄ እኮ ሥራ ነው እንጂ ዝምድና አይደለም" አለቻት።

"ዝምድና ነው" አለች እህቴ፤ ፈርማ ሰጠቻት።

እውነቱን ለመናገር ቅናት አንገበገበኝ። የእናቷ ልጅ አጠገቧ ተቀምጬ! መንገድ ላይ "አኮረፍክ እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ የለም" አልኳት። ምን ልበላት? እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ እዚያ ባለው ፋይሌ ውስጥ፣ ይኸው መስመር ላይ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጄ የጻፍኩት የሳቸውን ስልክ ነው። ዝምድና በሚለው ላይ ግን ያኔ አፍሬ "ጎረቤት" ብዬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፋይሌን አስወጣሁ። "ጎረቤት" የሚለውን በቀይ ሰርዤ፣ "ዝምድና" ከሚለው ፊት ለፊት "ዘመድ" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ ድግግሞሽ ነው ብዬ እሰርዘው ነበር። ይሄኛው እንዳለ ይለፍ።